የኔትቦል አሠልጣኟ መርዶ

መርዶውን የሰማሁት ሚኔሶታ፣ ፕሊማውዝ ከተማ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ለአንዲት አሮጊት ካልሲ እያጠለቅሁላቸው ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በሥራ ሰዓት ማንሳት ክልክል ስለሆነ ዝም አልኩት። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ አሮጊቷ ራሳቸው እየሳቁ «አንሺው እንጂ፣ ሰው ሞቶ ይሆናል» አሉኝ። ኮሪደር ወጥቼ አነሳሁት።

የደወለው ልጄ የምትጫወትበት የስፖርት ክለብ ኃላፊ ነበር፤ ፀጉረ ቀይ አውስትራሊያዊ ነው። ሌላ ጊዜ ሳይቀልድ ወሬ አይጀምርም። ያን ቀን ግን እንዴት ነሽ እንኳ ሳይል «ኮች ትናንት ሌሊት በእንቅልፋቸው ሞቱ» አለኝ። በአንድ ትንፋሽ። ኮች የምንላቸው የልጄ አሠልጣኝ ናቸው። ቆሜ ነው የሰማሁት። አጠገቤ ሰው ይኑር አይኑር፣ ገና የምነዳው መንገድ ይኑር አይኑር አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ለማንም አይነገርም ብዬ ነው ያደግሁት። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ ነው የሚነገር።

«ልጅሽ ስልኳን አታነሳም» አለኝ ቀጥሎ። «አንቺ ንገሪልን። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ተሰብስበን እንሸኛቸዋለን። ስለ ክለቡ አጀማመር የምትናገረው እሷ ናት፤ ከእሷ በፊት የነበረ የኔትቦል ተጫዋች የለም።»

«እሺ» አልኩት።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ልጄ ደግሞ ሰኞ የነርስነት ፈቃድ ፈተና ነበረባት። ስልኳን ያላነሳችው ለዚያ ነው። ራሷ ናት «ማሚ፣ እስክፈተን አንቺ ያዢልኝ፤ እኔ ጋ ካለ አላጠናም» ብላ የሰጠችኝ። አጥፍቼ ከጸሎት መጽሐፌ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መጀመሪያ ያሰብኩት ሟቿን አልነበረም። መሳቢያውን ቆልፌው ይሆን ወይ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ሟቿ ማን እንደነበሩ ልናገር። ቅዳሜ ሜዳው ላይ ልጄ መናገር የነበረባት ይህንኑ ነው።

አውስትራሊያውያን የራሳቸው የሆነ እግር ኳስ አላቸው። ኳሱ እንቁላል ይመስላል፤ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል፤ ሜዳው ሞላላ ነው፤ ጎሉ መረብ የሌለው፣ በየጫፉ አራት ረጃጅም ቋሚዎች ብቻ። ለሥራ መጥተው፣ የሚኔሶታ ሴት አግብተው የቀሩ ጥቂት ወንዶች ኮሎምቢያ ሃይትስ ከአፓርትመንታችን ጀርባ ካለው ፓርክ ቅዳሜ ቅዳሜ መጫወት ጀመሩ። ሞላላ ሜዳ ከየት ይምጣ? ሳሩ ላይ ብርቱካንማ ኮን እየደረደሩ ይሠሩታል። ቋሚዎቹን ከፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቆርጠው በፒክአፕ ያመጣሉ፤ ሲጨርሱ ነቅለው ይሄዳሉ። ነፋስ ሲነሳ ቋሚው አጠገቡ በቆመ ተጫዋች ላይ ይወድቃል። እኔና ልጄ በመስኮት እያየን እንስቅባቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ያ እንቁላል የመሰለ ኳስ እየነጠረ ወደ እኛ መጣ። ልጄ ያኔ ሚድል ስኩል ናት። የያዘችውን ከረጢት ጣል አድርጋ ዘለለችና ኳሱን ከራሷ በላይ ቀለበችው። ከረጢቱ ውስጥ የነበረው የምንበላው እንቁላል ነበር።

«እንቁላሉ!» ብዬ ጮህኩ።

ከሜዳው ዳር በታጣፊ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ደርበው የተቀመጡ ሴትዮ ብድግ አሉ። «ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሉ። የአንዱ ተጫዋች እናት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው፣ የልጅ ልጅ ተወልዶ፣ በዚያው የቀሩ። በወጣትነታቸው በትንሽ የገጠር ከተማ ኔትቦል ይጫወቱ ነበር። «በእኛ ከተማ» አሉኝ፣ ልጄ እያስተረጎመችልኝ፣ «ወንዶቹ ሳሩ ላይ ሲራገጡ ሴቶቹ ጎን ካለው ሜዳ ኔትቦል ይጫወታሉ። ማልያው አንድ፣ ኩሽናው አንድ፣ ክለቡም አንድ ነው። ኔትቦል ከሌለ ምኑን ክለብ ሆነ? የወንዶች ጩኸት ነው እንጂ።»

ወንዶቹ ሰምተው ሳቁ። እሳቸው ግን አልቀለዱም። በሳምንቱ ልጃቸውን አስገድደው የብረት ቀለበት በቧንቧ ላይ አስበየዱት። ቧንቧውን በአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ አቁመው ሲሚንቶ ሞሉበት። ሁለቱን ጎማዎች እያንከባለሉ የመኪና ማቆሚያችን ላይ ተከሏቸው። የክለቡ የኔትቦል ሜዳ የተጀመረው በዚያ ነው፤ በአንድ የተበላሸ ቶዮታና በቆሻሻ ገንዳው መሃል።

ጨዋታው ቅርጫት ኳስ ይመስላል፤ ግን ከቀለበቱ ጀርባ ሰሌዳ የለውም። ኳስ የያዘች ልጅ አትራመድም። ማንም ማንንም አይነካም። ይሄኛው በጣም ደስ አለኝ። ያላስደሰተኝ ቀሚሱ ነበር፤ ከጉልበት በላይ ነው።

«ማሚ ቀሚሱ አጥሯል እያለች ነው» አለች ልጄ፣ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት እየተመኘች።

ከዚያ ወዲህ ኮች ያልናቸው እኚህ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ነጠላዬን፣ ረጅም ቀሚሴን። «ሕጉ ደረት ላይ ያለው የተጫዋቿ ቦታ ፊደል ይታይ ነው የሚለው» አሉ። «ስለ እግር የሚለው ነገር የለም። ከሥር ሱሪ ትልበስ።»

እንዲህ ሆኖ ልጄ የክለቡ የመጀመሪያዋ ኔትቦል ተጫዋች ሆነች። አንድ ቡድን ሰባት ሰው ይፈልጋል። ልጄ የክፍሏን ልጆች አመጣች፤ ከታች ፎቅ ያለችው የወሎዋ ጎረቤቴ ሁለት ሴት ልጆቿን ሻሻቸውን አሥረው አሰለፈች፤ የተጫዋቾቹ ሚስቶችም ገቡ። ክረምት ሲመጣ የአንድ ፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተፈቀደልን። እኔ በር ላይ ቆሜ አማትቤ፣ ከጥግ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ። ኮች አንድም ቀን ምን ታደርጊያለሽ አላሉኝም። ዝም ብለው ወንበር ያቀርቡልኛል። ከጨዋታ በኋላ እነሱ ቋሊማ ሲጠብሱ እኔ የጾም የምስር ሳምቡሳ ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ስንግ ቃሪያ ጨምሬ ይዤ ሄድኩ። ፀጉረ ቀዩ ሰውዬ ሙሉውን ጎርሶ ዕንባው እስኪፈስ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ «ያ ገዳዩ የታለ?» እያለ ይፈልገኝ ነበር።

ልጄ በእሳቸው እጅ አደገች ብል ማጋነን አይሆንም። አባቷ አዲስ አበባ ነው፤ ልቡን ስለሚያመው መምጣት አልቻለም። እኔ ሁለት ሺፍት ስሠራ ከትምህርት ቤት የሚያመጧት፣ መኪና መንዳት ያስተማሯት፣ «ነርስ ሁኚ፤ እጅሽ አይንቀጠቀጥም» ያሏት እሳቸው ናቸው።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ ሆኜ ለማኅበርተኞቼ ደወልኩ። ጽዋ አብረን የምንጠጣ ሴቶች ናቸው፤ ልጄን እንደ ልጃቸው ያያሉ።

«ነገርሽያት እንዴ?» አለችኝ ትልቋ፣ ገና ሳልጨርስ።

«ኧረ አልነገርኳትም።»

«እንዳትሞክሪው! ሰኞ አይደል እንዴ ፈተናዋ?»

«ቅዳሜ ግን ሽኝት አለ። እሷ ናት የምትናገረው አሉ።»

«ምን ሽኝት አለው? አስከሬኑ አለ?»

«ይቃጠላል አሉ። አመዱን አገራቸው ይወስዱታል።»

«በቃ! ታዲያ ምኑን ነው የምትሸኘው? አመድ አይቀየምም። ፈተናዋን ትጨርስ፤ ማክሰኞ ማለዳ ሄደን እናረዳታለን።»

ሌላዋም ይህንኑ አለች። ሦስተኛዋም። የወሎዋ ጎረቤቴ ልጆቿን ይዛ ወደ ሽኝቱ እንደምትሄድ ነገረችኝና «አይዞሽ፣ ከእኔ ቤት አንድ ቃል አይወጣም» አለችኝ። ልጆቻቸው የሚጫወቱት ሌሎቹ የሐበሻ እናቶችም እንደዚያው። ከመካከላችን «ልጅቷ ትጠየቅ» ያለ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ልጅ ያሳደግን፣ እናት አባት የቀበርን ሴቶች ነን። አንዳችንም አልጠረጠርንም። ፍቅር እየሠራን ይመስለን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ከክፍሏ ወጣች። ለሳምንት ያህል በአንድ ፒጃማ የከረመች ልጅ የስፖርት ጫማዋን አድርጋለች።

«ማሚ፣ ዛሬ ፕራክቲስ አለ። አንድ ሰዓት ብቻ ሄጄ ልምጣ? ጭንቅላቴ ሞልቷል።»

እኔ እቃ እያጠብኩ ነበር። «ሰኞ ከተፈተንሽ በኋላ» አልኳት ሳልዞር።

«ኮች ትስቅብኛለች እኮ። ስብ አወጣሽ፣ ኳስ መስለሽ መጣሽ ነው የምትለኝ።»

«ተይ ግቢና አጥኚ።»

«ደህና ናት ግን? በቀደም ድምጿ ደክሞ ነበር።»

«ደህና ናቸው።»

ያልኩት ይሄ ነው። ውኃውን ከፍቼ፣ የታጠበውን ሳህን ደግሜ እያጠብኩ። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ታዛዥ ልጅ ናት። አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ፣ ኮኑ በተደረደረበት ሜዳ፣ ያሳደጓትን ሴት እየሸኙ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልጄን «ግቢና አጥኚ» እያልኩ ነበር።

ሰኞ ፈተናዋን ጨርሳ እየዘለለች መጣች። «ስልኬን! መጀመሪያ ለኮች ነው የምደውለው!» አለች። «ነገ፣ ውጤቱን ስትይዢ ትደውያለሽ፤ አሁን ብይና ተኚ» አልኳት። ድካሙ ረዳኝና እንቅልፍ ጣላት።

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ሦስቱ ማኅበርተኞቼ፣ ሱብሒዋን ሰግዳ የወጣችው የወሎዋ ጎረቤቴ፣ ከፎቃችን ደግሞ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት። ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ መርዶ በመናገር የታወቁ ነበሩ፤ ሰው ሳይደነግጥ ቀስ አድርገው ያረዳሉ ይባላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዳቦና በቴርሞስ ሻይ ይዘዋል። ሳሎኑን ሞልተው በየወንበሩ ተቀመጡ። 

ልጄ በሩን ከፍታ ወጣች። ፀጉሯን በሻሽ እንደጠቀለለች፣ ዓይኗን እያሻሸች። ነጠላዎቹን አየች። ሚኔሶታ ብታድግም ያንን ማንበብ ታውቃለች፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

«አባዬ ነው» አለች።

እኔ ይህንን አላሰብኩም ነበር። ብዙ ነገር አስቤ፣ ዳቦው ስንት ይበቃል ብዬ እንኳ አስቤ፣ ይህንን አላሰብኩም።

«ነይ ተቀመጪ ልጄ» አሉ ጋሼ፣ በለመዱት የዝግታ ድምፅ። «ሰው ሆኖ ለዘላለም የሚኖር የለም። እግዚአብሔር የሰጠውን...»

«አባዬ ነው! ማሚ፣ አባዬ ነው አይደል?»

«ሁላችንም በተራችን...»

«ንገሩኝ! ፕሊስ ንገሩኝ!» መሬት ላይ ተቀመጠች። እጇን ነከሰች። ጋሼ ገና መግቢያው ላይ ናቸው፤ ሲቋረጡ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ልማዳቸው ነው። ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረዋል። እኔ ጋሼ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።

የወሎዋ ጎረቤቴ አልቻለችም። «አባትሽ ደህና ነው! ወላሂ ደህና ነው! ኮችሽ ናት የሞተችው!» ብላ ጮኸች።

«ተመስገን!» አለች ልጄ። «ኦ ማይ ጋድ፣ ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ተነስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። ልቧ ደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። ሴቶቹም እፎይ አሉ፤ አንዷ እንዲያውም «እሰይ» አለች። ለጥቂት ጊዜ ያ ቤት የደስታ ቤት መሰለ።

ከዚያ ገላዋ በእጄ ላይ ደረቀ።

«ማን አላችሁ?»

የወሎዋ ጎረቤቴ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

«መቼ?»

«ረቡዕ ሌሊት» አልኩ።

ለብቻዋ በእንግሊዝኛ ቀኖቹን ስትቆጥር ከንፈሯን አያለሁ። «ቅዳሜ ልሂድ ብዬሽ ነበር» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ቅዳሜ ምን ነበር፣ ማሚ?»

ነገርኳት። ማን ይናገር እንደተባለም ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ መደበቅ ምን ያደርጋል ብዬ። ጋሼ ዳቦውን ቁረሱ አሉ። ማንም አልቆረሰም።

አልጮኸችብኝም። ሴቶቹን አንድ በአንድ እያቀፈች፣ አመስግና ሸኘቻቸው። በሩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «ተመስገን አልኩ እኮ» አለችኝ። «ኮች ሞተች ሲሉኝ ተመስገን አልኩ። ሰው ፊት። አንቺ ነሽ ያስባልሽኝ።»

  ሽኝቱን መንፈጌ አንድ ነገር ነው። እናቷን ያህል የምትወዳቸው ሰው መሞት ለልጄ የምሥራች ሆኖ እንዲነገራት ማድረጌ ግን፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ትዝ ሲለኝ ዓይኔን መሬት ላይ ያስተክለኛል።

ፈተናውን አልፋለች። ነርስ ሆናለች። ያኔ ማወቋ ያሰናክላት ነበር ወይስ አያሰናክላትም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ግን ለእሷ ፈርጄ ጨርሼ ነበር። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ የሰጡኝን ስግደት ፈጽሜያለሁ። «ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂ፤ ለክለቡም ሰዎች እውነቱን ንገሪ» ብለውኛል። ስግደቱ ቀላሉ ነበር። ልጄን ጠይቄያታለሁ። «እሺ፣ ማሚ» ትለኛለች፤ ጨዋ ናት፤ ምግቤን ትበላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ታደርሰኛለች። ወደ ሜዳው ግን ሄዳ አታውቅም። «ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው?» ነው የምትለው።

በቅርቡ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ስወጣ ፀጉረ ቀዩ ሰውዬ ሲገባ ተገናኘን። አቀፈኝ። «ልጅሽን ያን ቅዳሜ ጠብቀናት ነበር» አለኝ። «ቢዚ ነበረች መሰለኝ፤ ይገባናል።»

ይገባናል ያለበት ድምፅ ቅዝቅዝ ያለ ነበር። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «አዎ፣ ቢዚ ነበረች» አልኩት።

ያንን አምኖ ሌላ ነገር አወራኝ። የክለቡን ታሪክ እየጻፉ ነው፤ እያንዳንዱ የሚያስታውሰውን ይስጥ ተብሏል፤ አጀማመሩን ልጅሽ ብትጽፍልን አለኝ። ቤት ገብቼ ነገርኳት። ቢዚ ነበረች ብዬ መዋሸቴንም ነገርኳት። «መጨረሻውን ሳላውቅ መጀመሪያውን አልጽፍም» አለችኝ።

በማግስቱ ለሰውዬው ደወልኩለት። በሰባራ እንግሊዝኛዬ፣ ቢዚ አልነበረችም፤ እኔ ደብቄያት ነው አልኩት።  ከዚያ «ለምን?» አለኝ። ስለ መርዶ፣ ስለ ማለዳው፣ ስለ ሰው መሰብሰብ ላስረዳው ሞከርኩ። ስናገረው ለራሴም እየራቀኝ ሄደ። «እሺ» ብሎ ዘጋው። የሚጠላኝ አይመስለኝም። ምን እንደሚለኝ ግራ የገባው ይመስለኛል።

ስለዚህ አጀማመሩን እኔ ጽፌዋለሁ፤ ጎማዎቹን፣ ቀሚሱን፣ ቃሪያውን። መጨረሻውን ግን መጻፍ አልችልም፤ አልነበርኩም።

ያን ቅዳሜ ከልጆቻችሁ ጋር ሜዳው ላይ የቆማችሁ የእኛ ሰዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ ልለምናችሁ። መርዶውን ላለመናገር የተስማማነው ሁላችንም ነን፤ እስከ ዛሬም ልጄን ስታገኟት ስለዚያ ቀን ወሬ ታስቀይሳላችሁ፤ ላለማሳዘን ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ተዉት። ኑና ንገሯት። ማን ቀድሞ እንደተናገረ፣ በእሷ ፈንታ አጀማመሩን ማን እንዳወራና ምን እንደሳተ፣ የኮች ልጅ ያለቀሰ እንደሆነ፣ አየሩ እንዴት እንደነበር፣ ስሟን ያነሳ ሰው ካለ ምን ብሎ እንዳነሳት። ታምታ ከሆነም ሐሜቱን ንገሯት። ለእኔ ደህና እንዲመስል ብላችሁ ምንም አትቀንሱ። ታስታርቁኝ ዘንድ ሽማግሌ ሁኑልኝ አላልኩም፤ እሱን በራሷ ጊዜ እሷ ታየዋለች። እኔ ሥራ ላይ ባለሁበት ሰዓት ኑ። ያን ቀን የያዛችሁት እናንተ ናችሁና፣ እባካችሁ፣ ስጧት።